ኮሎራዶ ሰን፦ በነፃ እየተነበበ የምከፍልበት ጋዜጣ

ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ኤርፖርት የኡበር መጠበቂያው ፓርኪንግ ላይ ተራ ይዘን ስንቀመጥ ሌላው ቲክቶክ ያያል እኔ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ማንበቡ ይቅርና በየወሩ ብር እከፍልበታለሁ። አንዱ ባለፈው «አንተ፣ ይሄ በነፃ ይከፈት የለም እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ይከፈታል። ኮሎራዶ ሰን ማንም ሳይከፍል የሚያነበው ነው፣ የፈለገ ብቻ አባል ሆኖ ይደግፋል። እና ለምን እንደምከፍል ልጻፈውና እዚህ ስቴት ያላችሁ ፍረዱኝ።

የጀመርኩት እናቴ ደውላ ነው። 2024 ትዝ ይላችኋል፣ ከዴንቨር አጠገብ ያለችው ከተማችን አውሮራ ድንገት የዓለም ዜና ሆነች፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ መሳሪያ የያዙ ሰዎች ሲያልፉ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ፣ ከዛ የቬንዙዌላ ጋንግ ከተማውን ተቆጣጠረ ተባለ፣ ኦክቶበር ላይ ትራምፕ ራሱ እዚሁ መጥቶ ተናገረበት። እናቴ ከአዲስ አበባ «ልጄ፣ ከተማችሁን ወንበዴ ያዘው አሉ፣ ምነው ዝም አልከኝ?» ስትለኝ እኔ ሀቫና የሚባለው የአውሮራ መንገድ ላይ ሀበሻ ቤት ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ነበር። «እማዬ ኧረ ሰላም ነው» ብላት አላመነችኝም፣ ቲቪው ከኔ ይታመናል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እዛው ከተማ እየኖርኩ ምን እንደተፈጠረ እኔም አላውቅም ነበር፣ የማውቀው እሷ የምታውቀውን ያህል፣ ማለትም ዩቱብ ላይ የሚጮኸውን።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሰንን እና ሴንቲኔል የሚባለውን የአውሮራ ጋዜጣ አነበብኩ። ቪዲዮው እውነት ነው፣ ወንጀለኞቹም ነበሩ፣ ፖሊስም ያሰራቸው አሉ፣ ግን ነገሩ የጥቂት አፓርትመንቶች እንጂ 390 ሺህ ገደማ ሰው ያለበት ከተማ አልተያዘም፣ ከንቲባው ማይክ ኮፍማን እንኳን ሪፐብሊካን ሆኖ ተጋንኗል ብሏል። የሕንፃዎቹ ባለቤቶችም በጥገና ጉዳይ ከከተማው አስተዳደር ጋር ሲጨቃጨቁ የቆዩ ናቸው። በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ አንድ በአንድ ስነግራት ነው የተረጋጋችው፣ «እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት» አለች።

ስለ ጋዜጣው ትንሽ ልበል። ዴንቨር ድሮ ሁለት ትልልቅ ጋዜጣ ነበራት። ሮኪ ማውንቴን ኒውስ ከ1859 ጀምሮ ሲታተም ኖሮ 150 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር እንኳን ሳይቀረው ፌብሩዋሪ 2009 ተዘጋ፣ ያሳዝናል። የቀረው ዴንቨር ፖስት ደግሞ ባለቤቱ ሄጅ ፈንድ ነው (የባለሀብቶችን ብር ሰብስቦ ለትርፍ የሚያሠራ ድርጅት)፣ 2018 ላይ 30 ሰው ሲቀነስ የራሱ አዘጋጆች በገዛ ጋዜጣቸው ባለቤቶቹን ጥንብ አንሳ ብለው ጻፉባቸው፣ እስቲ አስቡት የሚከፍልህን ሰውዬ በራሱ ወረቀት ላይ! ከዛ አስር የሚሆኑ የፖስት ጋዜጠኞች ወጥተው በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሰንን ከፈቱ፣ መነሻ ብሩ ከአንድ የብሎክቼይን (የክሪፕቶ ቴክኖሎጂ) ካምፓኒ መጣ (ካምፓኒው አሁን የለም፣ ጋዜጣው ግን አለ)፣ 2023 ላይ ደግሞ ለትርፍ የማይሰራ ድርጅት ሆነ። ወረቀት የለውም፣ ዌብሳይትና ኢሜይል ነው በቃ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ለኛ ለሹፌሮች ዋናው ይሄ ነው። 2025 ላይ የስቴቱ ምክር ቤት በኡበርና በሊፍት ደህንነት ጉዳይ ሕግ አሳለፈ፣ የሹፌር ማንነት ማጣራት፣ በጉዞ ላይ ድምፅና ቪዲዮ መቅዳት ምናምን ያለበት። ኡበር እንደዛ ከሆነ ከኮሎራዶ እወጣለሁ አለ። መጠበቂያው ላይ የነበረው ወሬ ሌላ ነበር፣ «ከነገ ወዲያ ይዘጋል»፣ «ካሜራ በራሳችን ብር ልንገዛ ነው»፣ ሁሉም ከየት እንደሰማ አይታወቅም። እኔ ሕጉ የት እንደደረሰ እየተከታተልኩ ነበር፣ ሜይ ላይ የስቴቱ ገዢ ጃሬድ ፖሊስ (ፖሊስ የአባቱ ስም ነው) በቪቶ ጣለው፣ ያን ቀን ለሰዎቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠበቃ አደረጉኝ። ከዛ በፊት 2024 ላይ የወጣውም አለ፣ ተሳፋሪው ስንት እንደከፈለ ካምፓኒው ለሹፌሩ እንዲያሳይ የሚያስገድደው፣ እሱን እንኳን የማያውቅ ሹፌር ስንት አለ መሰላችሁ።

ታቦር ደግሞ አለላችሁ። መጀመሪያ ሰዎች «ታቦር ታቦር» ሲሉ በእናቴ እምላችኋለሁ ቡሄ መስሎኝ ነበር። ለካ በ1992 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያስገባው የታክስ ሕግ ነው፣ ስቴቱ የሚሰበስበው ገቢ ከዋጋ ንረትና ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት በላይ ካለፈ ትርፉን ይመልሳል፣ ታክስ መጨመር ሲያምረው ደግሞ ሕዝቡን በምርጫ መጠየቅ አለበት። 2022 ላይ ለአንድ ሰው 750 ለባልና ሚስት 1,500 ዶላር ቼክ የመጣው ከዚህ ነው፣ መምጣት የጀመረውም ኦገስት ላይ ስለሆነ ሆያ ሆዬ ሳንጨፍር ሙልሙል በፖስታ ደረሰን ብለን ስቀናል። ግን ያው ስቴት ለመንገድና ለትምህርት ቤት ብር አጠረኝ የሚለውም በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ሰን ሁለቱንም ወገን አስቀምጦ ሲያስረዳ ነው የገባኝ።

ትንንሹም ነገር ይገኝበታል፣ ከ2023 ጀምሮ ሱቅ ላይ ለፌስታል 10 ሳንቲም ለምን እንደተባለ፣ በ2024 ደግሞ ትልልቆቹ ሱቆች ላስቲኩን ጭራሽ ለምን እንደተዉት፣ የአራት ዓመት ልጅ በሳምንት እስከ 15 ሰዓት በነፃ ቅድመ መደበኛ እንደሚገባ። ይሄን የመጨረሻውን ጎረቤቴ አታውቅም ነበር፣ ዴይኬር ሙሉውን ትከፍል ነበር።

የማታገኙበትም አለ፣ ጥበቡ እሱን ማወቅ ነው። አሁን ሀይዌዩ ላይ ማን ተጋጨ የሚል ፈጣን ዜና አትፈልጉበት፣ ለሱ ቲቪዎቹ አሉ። ሙሉውን ስቴት ስለሚያይ የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ፣ ተኩላ ወደ ተራራው መመለስ፣ የገበሬ ጉዳይ ይበዛል (የተኩላውን ግን ሳልወድ በግዴ ሱስ ሆኖብኛል፣ የልጅነት የጅብ ወሬ ነው የሚመስለኝ)። የአውሮራን የከተማ ምክር ቤት ጭቅጭቅ ለብቻው የፈለገ ሴንቲኔልን ይጨምር። እንግሊዝኛውም ከበድ ይላል፣ እኔ መጀመሪያ በጉግል እየተረጎምኩ ነበር፣ ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል ግን ነገሩን ያስይዛል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ እኔ ድሮ አንድ ከሌላ ስቴት የሚወጣ ስሙን የማልጠራው ጋዜጣ በአንድ ዶላር አስጀምሮኝ ሳላውቅ ዋጋው ከፍ ብሎ ካርዴን ሲጠባ ከርሞ ለማቋረጥ ስልክ ላይ ግማሽ ሰዓት አስጠብቆኛል። ከዛ በኋላ ለጋዜጣ አልከፍልም ብዬ ምዬ ነበር። እዚህ ግን ማንም ሳያስገድደኝ ስለሆነ ነው መሰለኝ እጄ ቀለለኝ።

አምስት ኮከብ ልሰጥ ነበር፣ አማርኛ ስለሌለው አራት። እስከዛው መጠበቂያው ላይ አስተርጓሚው እኔ ነኝ፣ ያ የሳቀብኝ ልጅ ትናንት መስኮቴን አንኳኩቶ «ዘንድሮስ ታቦር ስንት ነው አሉ?» ብሎኛል።