የበዓል በግ ቆዳ አትጣሉ፣ አጎዛ አሰሩት (ሽሮ ሜዳ ያሰራሁበት ቤት)

ከበዓል ማግስት መንገድ ዳር የተጣለ የበግ ቆዳ ሳይ ውስጤ ነው ሚቃጠለው። ድሮ «ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞር ልጅ ከበር ላይ ገዝቶ ይወስድ ነበር፣ አሁን ብዙ ሰፈር በነፃም ሚወስድ የለም። የኛ የደጋ በግ ቆዳ እኮ ጓንት ሰሪዎች በዓለም ደረጃ የሚፈልጉት ነው! ስለዚ የፋሲካውን ይዤ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ ቆዳ የሚያለፉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ፣ ታፔላ ምናምን የለም፣ ሰፈር ውስጥ ጠይቃችሁ ነው ምታገኙት።

መጀመሪያ የወደድኩት ያመጣችሁትን ሁሉ አለመቀበላቸው ነው። ቆዳውን ዘረጉና ሆዱ ጋ ያለውን ፀጉር በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጉት፣ ፀጉሩ እጃቸው ላይ ቢቀር ቆዳው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ምንም ቢደረግ አጎዛ አይሆንም አሉ። የኔ ጠንካራ ነበር። ቀጥሎ ወደ ብርሃን ከፍ አርገው «አየህ ልጄ፣ እዚህ ጋ ቢላ ነክቶታል» ብለው በአውራ ጣታቸው አሳዩኝ፣ እኔ እስከዛ ድረስ አላየሁትም ነበር፣ እሱን በሰም በተቀባ ክር በነፃ ሰፍተውልኛል።

ስራው ሙሉ በሙሉ በእጅ ነው፣ ክሮም (ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበት ኬሚካል) የለ ማሽን የለ። ቆዳው ታጥቦ በችካል ይወጠራል፣ ጥላ ውስጥ ነው እንጂ ፀሀይ ላይ ከሆነ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስጋውና ሞራው በብረት ይፋቃል፣ ከዛ የውስጡ ገፅ በአሬራና በተፈጨ ተልባ ይቀባና ይጠቀለላል፣ ቅባቱ እስኪገባው። ዋናው ልፋት ግን ማሸቱ ነው፣ ቆዳው ሲደርቅ በእግርም በእጅም ያለማቋረጥ ካልታሸ እንደ ጣውላ ነው ሚደርቀው፣ ፋብሪካ በማሽን የሚሰራውን እሳቸው ቁጭ ብለው በጉልበታቸው ነው ሚሰሩት፣ ይሄን ሙያ የያዙ ሰዎች ስንት ዘመን ሲናቁ መኖራቸው በጣም ነው ሚያናድደኝ።

ውጤቱ? ጀርባው ክሬም ከለር ሆኖ ለስላሳ ነው፣ ጨብጣችሁ ስትለቁት እጥፋቱ ወዲያው ይጠፋል። ፀጉሩ ተበጥሮ አንድም ሳይነቀል ነው የተረከብኩት። ሱቅ ውስጥ በአርቴፊሻል ፀጉር ከተሰራው ጋር አይወዳደርም፣ ብርድ ላይ ሲቀመጡበት ልዩነቱ ይታወቃል። ዋጋውም ከአንድ ኪሎ የበሬ ስጋ በታች ነው፣ ለዛ ሁሉ ድካም እንደውም አነሰባቸው ብዬ ጨምሬ ነው የከፈልኩት።

ያልተመቸኝም አለ። የእግሮቹ ጫፍ ጋ በደንብ አልታሸም፣ ትንሽ ደረቅ ብሏል። ሽታው መጀመሪያ ሰሞን አለ፣ በረንዳ ላይ ነፋስ ሲያገኝ ነው የለቀቀው። ቀጠሮም አይጠበቅም፣ ዝናብ ከጣለ ቆዳ አይደርቅም ስለዚ ትጠብቃላችሁ፣ ክረምት ላይ ባትሰጡ ይሻላል። ደሞ በኦሞ እንዳትዘፈዝፉት ወይ ላውንደሪ ማሽን ውስጥ እንዳትከቱት፣ ቅባቱ ይወጣና ይደርቃል፣ አራግፎ ፀጉሩን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ለማሰራት ካሰባችሁ ለአራጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ሆዱ ከተሰነጠቀ በኋላ በቡጢ እየገፋ ይግፈፈው፣ ቢላ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳ ያንሳል። የዛኑ ቀን ማድረስ ካልቻላችሁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የውስጡን ገፅ ጨው በጨው አርጉት፣ ለአንድ በግ ቆዳ ወደ 1 ኪሎ ጨው ይፈልጋል፣ ጠርዙና አንገቱ ጋ አትሰስቱ። ፌስታል ውስጥ ደሞ በጭራሽ አታስቀምጡት፣ ይሞቅና ያንኑ ቀን ፀጉሩ መነቀል ይጀምራል።