ስካን ለተደረገ የፊልም ጥቅል የቱን እንግዛ? ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ስቱዲዮው እና ፕሪሚየር

አራት ኪሎ አካባቢ በምሠራባት አነስተኛ የኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ፣ ከሠርግና ከማስታወቂያ ሥራ ጎን ለጎን አልፎ አልፎ የተለየ ደንበኛ ይመጣል። ይዞት የሚመጣው አዲስ የተቀረጸ ቪዲዮ ሳይሆን አባቱ ወይም አያቱ በ16 ሚሊሜትር ወይም በሱፐር 8 ፊልም ያስቀሩት፣ እርሱም ውጭ አገር ልኮ ስካን ያስደረገው ምስል ነው። ደንበኛውም ሆነ ሥራውን ሊቀበል የሚያስብ የሙያ ባልደረባ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቀለሙን ለማረም የቱን ሶፍትዌር ልግዛ?

እዚህ የማነጻጽራቸው ሦስት ናቸው፤ በነፃ የሚወርደው ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ በ295 ዶላር የሚሸጠው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ፣ እንዲሁም ብዙ ኤዲተሮች አስቀድመው የለመዱት አዶቤ ፕሪሚየር፣ ሉሜትሪ ከሚባለው የቀለም ማረሚያ ክፍሉ ጋር። የለንደኑ ፊልምላይት ኩባንያ የሚያዘጋጀው ቤዝላይት የተባለው የቀለም ማረሚያ በሙያው እጅግ የተከበረ ቢሆንም የትልልቅ ተቋማት መሣሪያ ስለሆነ ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ።

ከሶፍትዌሩ በፊት ስካኑ

ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ስካኑ ላይ እንደሆነ የተማርኩት በራሴ ቤተሰብ ፊልም ነው። የአክስቴ ሠርግ በ16 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ተቀርጾ ነበርና ጥቅሉን ውጭ አገር ወዳለ አንድ ላቦራቶሪ ስንልክ ስለ ፋይሉ ዓይነት ምንም አልጠየቅንም። የተመለሰልን ቀለሙ «ተስተካክሎ» የተጨመቀ ባለ 8 ቢት (በየቀለሙ 256 ደረጃ ብቻ ያለው) ኤምፒ4 ነበር፤ ፀሐይ ላይ የቆሙት እናቶች ነጠላ አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ የሽመናው ክርም፣ የጥለቱም ጠርዝ ጠፍቶ ነበር። በፋይሉ ውስጥ የሌለውን ክር ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር ሊፈጥረው አይችልም። ያንኑ ኔጋቲቭ በባለ 10 ቢት ሎግ ዲፒኤክስ (ሰፊውን የብርሃን ክልል በሎጋሪዝም ቁጥር ይዞ እያንዳንዱን ፍሬም ሳይጨመቅ ለብቻው በሚያስቀምጥ ፋይል) እንደገና ስናስደርገው ነጠላውም ጥለቱም ተመልሶ ታየ፤ ሁለት ጊዜ የከፈልነው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ልዩነቱ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ኮዳክ ሲኒዮን ለተባለው ፊልምን ወደ ዲጂታል የመለወጫ ሥርዓቱ ባወጣውና ዲፒኤክስ በወረሰው የሎግ አቀማመጥ፣ ከ0 እስከ 1023 ባሉት ቁጥሮች ላይ 95 ብርሃን ያልነካውን የኔጋቲቩን መሠረት፣ 685 ደግሞ የተለመደውን ነጭ ይወክላሉ። ከ685 በላይ ያለው ሰፊ ቦታ የተተወው ከነጭ በላይ ለሚያበራው ነገር ነው፤ የከፍተኛ ቦታ ፀሐይ ያረፈበት ነጠላም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስለዚህ ለላቦራቶሪው ሲጽፉ «ሎግ፣ ያልታረመ፣ 10 ቢት ዲፒኤክስ ወይም ፕሮሬስ 4444» ብለው በግልጽ ይዘዙ። የዲስክ ቦታን በተመለከተ 400 ጫማ የ16 ሚሊሜትር ጥቅል 16,000 ፍሬም ያህል ይዞ በሴኮንድ 24 ፍሬም 11 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ በ2048 በ1556 ፒክስል ዲፒኤክስ ሲሆን ወደ 204 ጊጋባይት ይደርሳል። በመጠኑ የሚጨመቀው ፕሮሬስ 4444 የዚህን አንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ስለሚወስድ ለአብዛኛው የቤተሰብ ፊልም እርሱን እመርጣለሁ።

የደበዘዘው ቀለም ላይ ማን ይሻላል?

ሦስቱን በእውነት የሚለያቸው በጤናማ ፊልም ላይ የሚሠሩት ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት በታተሙ ብዙ የቀለም ፊልም ቅጂዎች ላይ ሳያን የሚባለው አረንጓዴ አዘል ሰማያዊ ማቅለሚያ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠፋል። የሳያን ሥራ ቀዩን ብርሃን መያዝ ስለሆነ፣ እርሱ ሲሳሳ ቀዩ ሳይታገድ ያልፍና ጥቁሩ ጥላ ሳይቀር ሮዝ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቅጂ ላይ የድሮ አንበሳ አውቶቡስ ቀዩና ቢጫው ሊለይ አይችልም፤ የሰማያዊና ነጭ ታክሲዎቹም ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ይሸሻል።

ይህን ለማረም ምስሉን በጅምላ ወደ ሳያን መግፋት አይበቃም። የቀዩ ቻናል (የምስሉ የቀይ ድርሻ) ተጨፍልቆ በጠባብ ክልል ውስጥ ስለሚቀር ለብቻው መለጠጥ አለበት። ቀዩ ከሙሉው ክልል አንድ አምስተኛውን ብቻ ይዞ ከቀረ፣ በ8 ቢት ፋይል 50 ያህል፣ በ10 ቢት ደግሞ 200 ያህል ደረጃዎች ብቻ ይኖሩታል፤ 50ውን ስንለጥጣቸው ሰማዩ ላይ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ መስመር ይወጣል። ቀዩ ጭራሽ ባዶ በሆነባቸው ቦታዎች ደግሞ ከአረንጓዴው ቻናል ቅርጽ መበደር ግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ዳቪንቺ፣ ነፃውም ቢሆን፣ ከፕሪሚየር በግልጽ ይቀድማል። በነፃው ውስጥ የአርጂቢ ሚክሰር (ቻናሎችን የሚያቀላቅል መሣሪያ) አለ፤ ለእያንዳንዱ ቻናል የተለየ ከርቭ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርማቱን ኖድ በሚባሉ ለየብቻ በሚስተካከሉ ደረጃዎች ስለሚከፋፍለው፣ የጠፋውን ቀለም የሚመልሰውን ሥራ በአንድ ኖድ፣ የትዕይንቱን ብርሃን በሌላ፣ የመጨረሻውን መልክ በሦስተኛ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ጥቅል ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚደበዝዝ የመጀመሪያውን ኖድ ቀድቶ በሁሉም ሾት ላይ መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ያተርፋል። በሎግ ምስል ላይ የሚሠራው ኦፍሴት (ምስሉን ሁሉ በእኩል የሚገፋው ማስተካከያ) ደግሞ ድሮ ላቦራቶሪዎች ፊልም ሲያትሙ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መብራት መጠን ቀለም ያመጣጥኑ የነበረበትን መንገድ ይከተላል፤ ለፊልም ደግሞ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም።

ሉሜትሪ ከርቮች፣ ሦስት የቀለም ጎማዎችና አንድን ቀለም ለይቶ የሚይዝ ክፍል አሉት፤ ስሌቱም ጥራት ያለው ነው። ጤናማ ኔጋቲቭ በደህና ስካን ከመጣ በእርሱ የሚያምር ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ቀድሞውኑ ኤዲቲንጉን በፕሪሚየር የጨረሰ ሰውም ለሦስት ደቂቃ ሱፐር 8 ብሎ ሶፍትዌር ይቀይር አልልም። ክፉኛ ወደ ማጀንታ (ሐምራዊ ሮዝ) በሄደ ቅጂ ላይ ግን እርማት በእርማት ላይ እየተደራረበ የቱ ምን እንደሠራ መለየት ያስቸግራል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ዳቪንቺ የኮዳክ 2383 የማሳያ ፊልምን መልክ የሚሰጡ ዝግጁ ሉቶች (የቀለም መለወጫ ሰንጠረዦች) ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ የተሠሩት ሲኒዮን ሎግ ለሆነ የኔጋቲቭ ምስል ነው። የእርስዎ ስካን ለማሳያ ከታተመ ቅጂ ወይም ከሪቨርሳል ፊልም (ኔጋቲቭ ሳይሆን ራሱ ለማሳያ ከሚሆነው) የመጣ ከሆነ ምስሉ አስቀድሞ የራሱ ኮንትራስት ስላለው፣ ሉቱ ሲጨመርበት የሰዎች ፊት ይጠቁራል፤ ፀጉርና ጥቁር ካባ አንድ ላይ ይዋሐዳሉ።

ቀለሙ የት መድረስ እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ የታወቀ ነገር ይፈልጉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ሰንደቅ ዓላማ በሾቱ ውስጥ ካለ እንደ ቀለም መለኪያ ሰሌዳ ያገለግላል፤ ነጠላ ነጩን፣ አደይ አበባ ቢጫውን ይነግሩናል። የሰው ፊትም በቬክተርስኮፕ (የቀለምን አቅጣጫና ድምቀት በሚያሳየው መለኪያ) ላይ ባለው የቆዳ መስመር አጠገብ መውደቅ አለበት፤ የእኛም ሰው ቆዳ ጥቁረቱ ቢለያይም የቀለሙ አቅጣጫ እዚያው ነው።

ስቱዲዮው 295 ዶላሩ የሚገባው መቼ ነው?

በቀለም እርማት ብቻ ከለካነው ስቱዲዮው ከነፃው ያን ያህል አይርቅም። ልዩነቱ ጽዳት ላይ ነው። አቧራና ቆሻሻን አጎራባች ፍሬሞችን እያነጻጸረ በራሱ የሚያነሣው መሣሪያ፣ ነጠላ ጉድፍን በእጅ እየከበቡ የሚያጠፉበት ደስት በስተር፣ የብርሃን መርገብገብን የሚያረጋጋው ዲፍሊከር፣ እንዲሁም የግሬን (የፊልሙ ቅንጣት) መቀነሻው በስቱዲዮው ብቻ ነው የሚሠሩት። ፕሪሚየር ከራሱ ጋር የሚመጣ እንዲህ ያለ የፊልም ቆሻሻ ማንሻ የለውም። ነፃው ዳቪንቺ እነዚህን መሣሪያዎች ምስሉ ላይ ምልክት እያተመ ስለሚያሳይ፣ ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ፊልም ላይ ይሞክሯቸው። የግሬን መቀነሻውን ግን በቁጠባ መጠቀም ይሻላል፤ ከልክ ካለፈ የ16 ሚሊሜትር ፊት እንደ ሰም ይለሰልሳል።

ሁለተኛው ልዩነት የምስል መጠን ነው። ነፃው ከ3840 በ2160 በላይ አያወጣም። ለ2 ኬ ስካን (ስፋቱ 2048 ፒክስል ለሆነው) ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ 35 ሚሊሜትር በ4096 በ3112 ስካን ያስደረገና ሙሉውን መጠን ለማኅደር ማስቀመጥ የሚፈልግ ግን ስቱዲዮውን መግዛት አለበት።

አከፋፈሉም ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ፕሪሚየር በደንበኝነት የሚከፈል ሲሆን ክፍያው በዶላር ስለሚታሰብ፣ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የዓመቱን ወጪ አስቀድሞ ማስላት አስቸግሯል፤ ክፍያው ሲቋረጥም የቆየውን ፕሮጀክት መክፈት አይቻልም። ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ሊከፈት ለሚችል የቤተሰብ ማኅደር ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ስቱዲዮው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ በአንድ ቁልፍ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ እስካሁን ለአዳዲስ ስሪቶችም ተጨማሪ ክፍያ አልተጠየቀበትም። የዳቪንቺ አምራች የብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ካርቶኑን ይፈትሽ፤ የስቱዲዮው ቁልፍ ከብዙዎቹ የካሜራው ሞዴሎች ጋር አብሮ ይመጣል። ቁልፉን በክፍት መሳቢያ ረስተው ሁለተኛ ሊገዙ የነበሩ ባልደረቦች አሉኝ።

በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ከስቱዲዮው በፊት ስክሪን እገዛለሁ። ለሬክ 709 (ለኤችዲ ቪዲዮ የቀለም መስፈርት) የተለካ፣ ነጩ 100 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ላይ የተስተካከለ ስክሪንና መለኪያ መሣሪያው ከነፃው ዳቪንቺ ጋር ሲሆኑ፣ ስቱዲዮው ባልተለካ ላፕቶፕ ላይ ከሚያስገኘው የበለጠ ታማኝ ቀለም ይሰጣሉ። ክፍሉ ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት ካለው ወፍራም መጋረጃ ይጋረድበት፤ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ግድግዳም ግራጫ ይቀባ። የ2 ኬ ዲፒኤክስ በሴኮንድ 306 ሜጋባይት ያህል መነበብ ስላለበት ተራው ሃርድ ዲስክ ይደናቀፋል፤ ኤስኤስዲ ያስፈልጋል። መብራት ሲሄድ ኮፒ እየተደረገ ያለ ጥቅል እንዳይበላሽ ዩፒኤስም እንዲሁ።

ስቱዲዮውን የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን ራስ ሰር የቆሻሻ ማንሻውን በጥቅሉ ሁሉ ላይ መልቀቅ ያምረዋል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። በአክስቴ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲወጡ የተበተነላቸው የአበባ ቅጠል በየፍሬሙ ቦታው ስለሚለዋወጥ፣ ሶፍትዌሩ አቧራ መስሎት ግማሹን ከአየር ላይ አጥፍቶት ነበር። መሣሪያውን በዚያ ሾት ላይ አጥፍቼ ትክክለኛውን ጉድፍ ብቻ በደስት በስተር አንድ በአንድ አነሣሁ፤ ሥራው አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደ፤ ቅጠሉ ግን ሙሽሮቹ ራስ ላይ እንደገና ወረደ።