ለታሪክ መምህር የትኛው ይሻላል? የአገር ቤት ማስተርስ፣ ቺቭኒንግ፣ ጀርመን እና የአሜሪካ ፒኤችዲ ሲነጻጸሩ

የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ጥቂት ዓመታት ያስተማረ የታሪክ መምህር ትምህርቱን ለመቀጠል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርጠው የዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ከስሙ በፊት መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ደመወዙ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል፣ ወጪውን ማን ይችላል፣ የሚያጠናው ሰነድስ የት ነው ያለው። አራቱን መንገዶች የምናነጻጽረው በእነዚህ ነው።

አገር ቤት፦ ክረምት ወይስ መደበኛ

በሁለቱም ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። የክረምት ፕሮግራም ትልቁ ጥቅም ደመወዝ አለመቋረጡ ነው። ችግሩ የሚመጣው መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው። ክረምቱ አልቆ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ከአማካሪው ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል፤ ረቂቁ ሳይታይ ወራት ያልፋሉ። መፍትሔው ርዕሱን ከሚያስተምሩበት አካባቢ መምረጥ ነው፦ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ፣ የደብር ሰነድ፣ የትምህርት ቤቱ የድሮ የተማሪዎች መዝገብ፣ የአዛውንቶች ቃል። ዓመቱን ሙሉ ወደ ወመዘክር (የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) መመላለስ የሚጠይቅ ርዕስ ለክረምት ተማሪ አይሆንም።

እንዲህ ያለ ርዕስ የያዘ ሰው መደበኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ለሚማር ሰው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ወመዘክርም እዚያው ከተማው ውስጥ ናቸው። ትምህርት ቢሮው ስፖንሰር ካደረገዎት ደግሞ ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ። የግዴታ አገልግሎቱ ስንት ዓመት ነው? ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል? ቢቋረጥ የሚከፈለው ምን ያህል ነው? ማስተርሱን ጨርሶ ውጭ አገር ፒኤችዲ ያገኘ መምህር መልቀቂያ የሚከለከለው ብዙ ጊዜ በዚህ ውል ነው።

ቺቭኒንግ

የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሲሆን የአንድ ዓመት ማስተርስ ያስተምራል፤ የትምህርት ክፍያውን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን እና የወር መኖሪያውን ይችላል። ሂዩማኒቲስን (ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልስፍናን የመሳሰሉትን) አለመግፋቱ ለታሪክ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ስኮላርሺፖች በልማትና በኢንጂነሪንግ ያተኩራሉና። የሚጠይቀው የሥራ ልምድ 2,800 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 35 ሰዓት ቢታሰብ የ80 ሳምንት ሥራ ማለት ነው። ማስተማር ይቆጠራል። ሆኖም በሳምንት ያለዎትን ክፍለ ጊዜ ብቻ ቆጥረው ልምዴ አይሞላም አይበሉ፤ ዝግጅትና እርማትም ሥራ ነው።

ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ መግቢያ አካባቢ ይከፈታል፤ የሚዘጋው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ነው። ብዙ መምህራን የሚወድቁት በድርሰቶቹ ነው። የአመራር ድርሰት ላይ «ዩኒት ሊደር ነበርኩ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምን ችግር ነበር፣ ማንን አሳምነው፣ ምን ተለወጠ? ይህን ይጻፉ። ለቤተሰብ የሚከፍለው ገንዘብ የለም፤ ከተመረቁ በኋላም ሁለት ዓመት አገርዎ መቆየት ግዴታ ነው። አንድ ዓመት ለምርምር አጭር መሆኑንም ይወቁ፤ መመረቂያ ጽሑፉ የሚሠራው በጥቂት ወራት ነው።

ጀርመን

«ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ስኮላርሺፕ የሌለው ሰው ለቪዛ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ እየተቆረጠ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ) ማስገባት ያለበት በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ይህ በመምህር ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ዳድ የሚባለውን የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ስኮላርሺፕ ወይም ሌላ ሳይዙ ብድር ውስጥ ገብተው አይጀምሩ።

ሌላው ቋንቋው ነው። የሂዩማኒቲስ ማስተርሶች አብዛኞቹ በጀርመንኛ ናቸው። ግእዝና የብራና ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው ግን ሃምቡርግ ተወዳዳሪ የለውም፤ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ የተዘጋጀው እዚያው ነው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚያጠና መምህር ጀርመንን የመጀመሪያ ምርጫው እንዲያደርግ አንመክርም።

የአሜሪካ ፒኤችዲ

ማስተርስ ሳይኖር ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል። ተቀባይነት ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ለአምስት ዓመት ክፍያው ተችሎለት በረዳት መምህርነት እየሠራ የመኖሪያ ገንዘብ ያገኛል። ገንዘቡ እንደ ዩኒቨርሲቲው በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ካለው ጀምሮ ከ40 ሺህ በላይ ይደርሳል፤ በትልቅ ከተማ ዝቅተኛው ገንዘብ ለኪራይና ለኑሮ አይበቃም። ለአንድ ማመልከቻ ወደ 100 ዶላር ይጠየቃል። ከመክፈልዎ በፊት ለክፍሉ አስተባባሪ ጽፈው ከክፍያው ነጻ እንዲያደርጉዎ ይጠይቁ፤ የሚፈቅዱ አሉ። በዚያው ደብዳቤ በዚህ ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በቅርብ ዓመታት በሂዩማኒቲስ ቅበላቸውን የቀነሱ ወይም ያቆሙ ክፍሎች አሉ። ኤፍ 2 የሚባለውን የተማሪ ቤተሰብ ቪዛ ይዞ የሚከተል የትዳር ጓደኛ መሥራት እንደማይፈቀድለትም ቤተሰብዎ አስቀድሞ ይወቅ።

ወሳኙ ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ፣ ማለትም ምን ማጥናት እንደሚፈልጉና ለምን እንደሆነ የሚገልጹበት ጽሑፍ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለታሪክ ልዩ ፍቅር አለኝ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አንባቢውን ምንም አይነግረውም። ይልቁንስ እንዲህ ቢጀምር፦ «በወልድያ ገበያ በነጋዴና በቀረጥ ሰብሳቢ መካከል የነበረው ክርክር ከ1934 እስከ 1966 ዓ.ም እንዴት እንደተለወጠ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ የፍርድ ቤት መዝገቦችን አይቻለሁ»። እዚህ ውስጥ ቦታ አለ፣ ዘመን አለ፣ ሰነድ አለ። ቀጥሎ በዚያ ጉዳይ የሚሠራ አንድ ወይም ሁለት መምህር እዚያ ክፍል መኖራቸውን ያሳዩ፤ ከሌሉ ዩኒቨርሲቲው የቱንም ያህል ስም ቢኖረው ብርዎን ይቆጥቡ።

ለናሙና ጽሑፍ የሲኒየር ኤሴይዎን 40 ገጽ እንዳለ አይላኩ። ጠንካራውን ምዕራፍ አውጥተው በ15 ወይም 20 ገጽ ይሥሩት፤ ከአማርኛ ሰነድ የጠቀሱትን በራስዎ ትርጉም ያስገቡ። ማመልከቻው የሚዘጋው በአብዛኛው በታኅሣሥ መግቢያ አካባቢ ነው። ገንዘብ ያለው ተቀባይነት ካገኙ ደግሞ የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስለ መልስ መስጫ ቀን ባወጣው ስምምነት ውስጥ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከኤፕሪል 15፣ ማለትም ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጡ አያስገድዱዎትም። ሌላ መልስ የሚጠብቁ ከሆነ አይቸኩሉ።

ወረቀት ላይ የሚበላሸው

ትራንስክሪፕት ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርት ላይ ሦስት ስም፣ ለቋንቋ ፈተና ሲመዘገቡ ደግሞ ሌላ አጻጻፍ ካለ ፋይሉ አይገናኝም። ሁሉንም እንደ ፓስፖርቱ ያድርጉ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም የተመረቀ ሰው ፎርሙ ላይ 2017 ብሎ ይሞላል፤ 2009 ብሎ ከሞላ ገና ልጅ ሳለ የተመረቀ ይመስላል። የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላቸው መምህራን በተለይ ይጠንቀቁ፦ አራት ዓመት የሚጠይቁ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ ከመክፈልዎ በፊት በኢሜይል ይጠይቁ። እዚህ ላይ የአገር ቤት ማስተርስ ያለው ሰው ይጠቀማል።

ፍርዳችን ይህ ነው። ልጆች ያሉት እና ደመወዙ ቤት የሚያቆም መምህር ክረምቱን ይያዝ፤ ጠንካራ ጽሑፍ ሠርቶ በእሱ ለፒኤችዲ ያመልክት። ማስተርሱን ቶሎ ጨርሶ ወደ ማስተማር ለሚመለስ ቺቭኒንግ ይሻላል። ጥያቄውንም ሰነዱንም አስቀድሞ ያገኘ፣ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ከቤት መራቅ የሚችል፣ አሜሪካን ይሞክር።

የቱንም ቢመርጡ የመጀመሪያው ሥራ ሬጅስትራር ነው። ወጪ መጋራት ያልጨረሰ ሰው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ላይሰጠው ስለሚችል ሒሳብዎን ያጣሩ። ከአንድ ቅጂ በላይ ያሠሩ፤ ፖስታው መዝጊያው ላይ ማኅተም እንዳለው አይተው ይቀበሉ። «ምን እንደጻፉ ልይ» ብለው ከከፈቱት ሌላ ማሠራት ነው።