ከመርካቶ እስከ ፒያሳ የሚሸጠው ቢጃማ፦ የትኛው ነው የሚያስተኛው?

መሃል አዲስ አበባ ላይ ቢጃማ ለራስ ሲገዛ ብዙም አይታይም። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ሆስፒታል ለሚተኛ ዘመድ እየተባለ በጥድፊያ ይገዛል። ሻጩም ይህንኑ ስለሚያውቅ ፊት ለፊት የሚሰቅለው የሚያብለጨልጨውን ነው። ስለዚህ የሚያምረው ቢጃማ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ይከርማል፣ ባለቤቱ ግን በአሮጌ ካናቴራና በላላ ቱታ ይተኛል። የሚያሳዝነው አሮጌው ካናቴራ ብዙ ጊዜ እውነትም ይሻላል።

እዚህ የምንገመግመው በመርካቶ ተራዎች፣ በቸርችል ጎዳና፣ በስታዲየም ዙሪያና በፒያሳ በብዛት የሚገኙትን ዓይነቶች ነው። የፒያሳ ሰፊ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሱቆች ስለተነሱ የድሮውን ሱቅ ቆጥሮ መሄድ እግር ማድከም ነው። አንድ ሱቅ ዛሬ ያለው ነገር በሳምንቱ ስለማይገኝም ከሱቁ ይልቅ ጨርቁንና ስፌቱን ማወቅ ይጠቅማል።

በቅድሚያ የከተማው ሌሊት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አብዛኞቹ ቤቶቿ ደግሞ ማሞቂያ የላቸውም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቃለች፤ ንጋት ላይ ወደ 8 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ፀሐይ እንደገባች ይቀዘቅዛል። ምዕራብ ፀሐይ የሚመታው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይሰጥና ኋላ ነው የሚከዳው። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ልክ የሆነ ልብስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አይበቃም፤ ለ11 ሰዓቱ ብርድ የተመረጠ ልብስ ደግሞ በ6 ሰዓት ያልባል። ከታች ያሉትን ዓይነቶች የለካነው በዚህ ነው።

ሳቲኑ በየመስታወቱ የሚታየው ነው፤ ሮብ፣ ሸሚዝና ሱሪ ወይም ባለ ማንገቻ ቀሚስ ሆኖ ይመጣል። «ሐር ነው» ቢባሉ አይመኑ፤ እዚህ ገበያ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ፖሊስተር ነው። ጥጥ ከአየሩ ብቻ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንቅልፍ ሲመጣ ሰውነት የውስጥ ሙቀቱን በቆዳ በኩል ያስወጣል፣ ላብም አብሮ ይወጣል። ሳቲኑ ስለማይመጠው ላቡ ጀርባ ላይ ይቀራል፤ ንጋት ላይ ያው እርጥበት ይቀዘቅዛል። በደረቁ ወራት ከአክሪሊክ ብርድ ልብስ ጋር ሲፋተግ ብልጭ ብልጭ እያለ ይነዝራል፤ ብርድ ልብሱም እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል። ስፌቱ ብብትና መቀመጫ ላይ ሲወጠር ክሮቹ ይሸሻሉ፤ ሱቅ ውስጥ ስፌቱን በሁለት አውራ ጣት ግራና ቀኝ ሳብ ሲያደርጉት የመርፌው ቀዳዳ ከተከፈተ ዕድሜ የለውም። አንገቱ ላይ ያለው ርካሽ ዳንቴልም ይከረክራል። ሳቲን የሚመሰገንበት ቦታ ራስ ላይ ነው፤ ሹሩባ የተሠራች ሴት የሳቲን ሻሽ ወይም የትራስ ልብስ ብታደርግ ፀጉሯ ብዙም አይፋተግም። ለቀረው አካል አንመክረውም።

ፀጉራሙ ወፍራም ቢጃማ «የብርድ» ተብሎ ይሸጣል። ሲነኩት ልብ ይሰርቃል፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓትም ያስደስታል። እሱም ፖሊስተር ነው፤ ሙቀቱን ይይዛል፣ ላቡን ግን አይቀበልም። ሦስት አራት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ክንድና ጭን ላይ ድብልብል ያወጣል፤ ካውያ ካረፈበት ይቀልጣል። ከሁሉ የሚያሰጋው እሳት ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ በሚበራበት፣ ከሰል በሚነድበት ቤት ሰፊ እጅጌ ያለው ፀጉራም ልብስ በቀላሉ ይያያዛል፣ ሲቀልጥም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። (ከሰሉን መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ከልብስ ጉዳይ ውጭ ቢሆንም ገዳይ ነው፤ ጭሱ ባይታይም የሚመርዘው ጋዝ አለ።) ይህን ቢጃማ የገዛ ሰው ማምሻውን ከጥጥ በላይ ደርቦ ቴሌቪዥን ቢያይበትና ሲተኛ ቢያወልቀው ዋጋውን ያወጣል።

የኛ ምርጫ ብዙ ጊዜ ከኋላ መደርደሪያ ታጥፎ የሚገኘው የካናቴራ ጨርቅ ጥጥ ቢጃማ ነው። ከሳቲኑ ይወደዳል፣ መልኩም ዓይን አይስብም። የቱርክ ዕቃ ከሆነ ከጎን ስፌቱ ውስጥ ያለውን ምልክት ያንብቡ፤ «ፓሙክ» የሚል ካለበት ጥጥ ማለት ነው፣ መቶኛውም አጠገቡ ይጻፋል። 100 በመቶ ጥጥ ወይም 95 በመቶ ጥጥ ከ5 በመቶ ኤላስታን (እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክር) ጋር ጥሩ ነው፤ ትንሹ ኤላስታን ጉልበትና ክርን ተወጥሮ እንዳይቀር ይረዳል። ግማሽ ጥጥ ግማሽ ፖሊስተሩ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፤ ሆኖም የሚፈጠረውን ድብልብል ጠንካራው ፖሊስተር አንቆ ስለሚይዘው አይረግፍም። ቪስኮዝ (ከእንጨት የሚሠራ ክር) ከበዛበት ለስላሳና ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ሲርስ ግን ጉልበቱ ስለሚከዳው በእጅ አጥቦ ለሚጠመዝዝ ቤት አይሆንም።

ምልክት ተቆርጦ ከሆነ ሁለት ሙከራ አለ። ጣትዎን በውሃ ነክረው አንድ ጠብታ በጨርቁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያሳርፉ፤ ጥጥ ይጠጣዋል፣ ፖሊስተር ላይ ይንከባለላል። አዲስ ጥጥ የፋብሪካ ማለስለሻ ስላለበት ጥቂት ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ በውሃ ብቻ አይፍረዱ። ከውስጥ ስፌት የተንጠለጠለ ክር ለምነው ይውሰዱና ከሱቁ ወጥተው በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ተሸብልሎ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሁለቱንም ካሳየ ድብልቅ ነው። ሻጩ «እሳትማ አይሆንም» ካለ ትክክል ነው፣ ሱቁ ሙሉ ጨርቅ ነው።

ውፍረቱን በሚዛን የሚነግርዎት የለም። በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 180 ግራም የሚመዝነው ለዚህ ከተማ ይስማማል፤ በዓይን ለመገመት መዳፍዎን ከአንድ ንብርብር ጨርቅ ኋላ አድርገው ወደ ብርሃን ያንሱት። የጣቶችዎ መለያያ ቁልጭ ብሎ ከታየ ስስ ነው፣ በዓመቱ መቀመጫው ይሳሳል። ቀጥሎ ካናቴራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሁለቱን የጎን ስፌቶች ይከተሉ። ስፌቱ ከብብት ተነስቶ እታች ሲደርስ ወደ ሆድ ከዞረ ጨርቁ ተጣሞ ተቆርጧል፤ በእያንዳንዱ እጥበት እየባሰበት ይሄዳል፣ ሌሊትም ወገብ ላይ ይጠመጠማል። ይህን የሚያይ ገዢ ጥቂት ነው፤ ቢጃማ ከሚያስጠሉ ነገሮች ግን ግንባር ቀደሙ ነው።

ልክ ላይ የቻይናው ዕቃ ፊደሉ ያታልላል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ያንሳል። ፊደሉን ትተው በሜትር ይለኩ፤ የካናቴራው የደረት ዙሪያ ከደረትዎ ከ12 እስከ 15 ሳ.ሜ. መብለጥ አለበት። ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ከ3 እስከ 5 በመቶ ያጥራል፣ ስለዚህ የሱሪው ቁመት 4 ሳ.ሜ. ቢተርፍ አይቆጩ። ሱሪውን ለብሶ ቁጢጥ ማለት የሚቻል ከሆነ ይሞክሩት፤ አራቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ቦታ ከተወጠረ ሌሊት ጉልበት ሲታጠፍ የሚተረተረው እዚያ ነው። ለቀለሙ ደግሞ ነጭ መሐረብ አርጥበው ጥግ ላይ አሥር ጊዜ ያሹት። ጥቁርና ቀይ ከለቀቀ አንሶላዎን ያበላሻል።

ስለ ላስቲኩ ብዙ ቅሬታ ይሰማል። ሁለት አሠራር አለ። አንደኛው ላስቲኩ በጨርቅ ቱቦ ውስጥ የሚሄድበት ነው፤ ሲደክም በትንሽ ቀዳዳ አውጥቶ መቀየር ይቻላል። ሁለተኛው ላስቲኩ ከጨርቁ ጋር በሦስት በአራት መስመር የተሰፋበት ነው፤ ያምራል፣ ግን ሲላላ ስፌቱን ሁሉ መፍታት ስለሚጠይቅ ሰፊዎች አይወዱትም። መጀመሪያውን ይምረጡ። ስፋቱ ከ2.5 እስከ 3 ሳ.ሜ. ይሁን፤ ቀጭኑ ሆድ ላይ ይታተማል። ሲያስቀይሩ አዲሱ ላስቲክ ከወገብዎ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ያነሰ ሆኖ ይቆረጥ። ላስቲክን የሚገድለው የፈላ ውሃና ካውያ ነው።

ሰልባጅ ተራ ላይ ገበያው ይገለበጣል፤ እዚያ ፊቱ የተበጠረ ወፍራም የጥጥ ቢጃማ፣ ባለ ቁልፍ፣ ባለ አንገትጌ፣ አንዳንዴም ከአዲሱ ሁሉ የተሻለ ስፌት ያለው ይገኛል። ለታኅሣሥ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ክርኑን፣ መቀመጫውንና የአንገትጌውን እጥፋት ወደ ብርሃን ይዩ፤ እዚያ ከሳሳ ይተዉት። ላስቲኩ ሞቶ ከሆነ ግን ዋጋ ማውረጃ ይሁንዎት፣ አይተዉት። ቤት ሲገባ ወዲያው በ60 ዲግሪ ይታጠብ፤ ማሽን ከሌለ ከፈላ ውሃ ጋር ቀዝቃዛ ቀላቅሎ እጅ የማይችለው ሙቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ያ ካልተቻለ በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጎ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት እከክ የሚያመጡትን ነፍሳትና ቅማልን ይጨርሳቸዋል። ሳይታጠብ ለብሶ መተኛት ግን ቁማር ነው።

ዲሪያ የለመዱት ሴቶች ሌላ አይፈልጉም፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ለሚሞቀው ሌሊትም ይስማማል። የጥጡን ይምረጡ። ስፋቱ ግን ለሚገላበጥ ሰው እግር ላይ ይጠመጠማል። ቱታ ሌላ ነገር ነው፦ ዚፑ ይወጋል፣ ቀን የዋለበት ከሆነ ደግሞ የታክሲውን አቧራ አልጋ ላይ ይዞ ይወጣል።

አራስን በተመለከተ የስጦታ ልማዱ መታረም አለበት። የሚያስፈልጋት ከፊት እስከ ደረት ታች ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. የሚከፈት፣ ባለ ቁልፍ የጥጥ ቀሚስ ነው። ዚፕ ሕፃኑን ይቧጥጠዋል፤ በጭንቅላት የሚወልቀው ደግሞ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ለማጥባት አይሆንም። ከነበራት ልክ አንድ ቁጥር ይብለጥ፤ ቀለሙ ጠቆር ወይም ዝንጉርጉር ይሁን፤ አንድ ውድ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዱ ገመድ ላይ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ከሆነ ሱሪ ያለው ቢጃማ አይውሰዱላት፤ ላስቲኩ ቁስሉ ላይ ያርፋል። ደም የነካውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፉት፣ ሙቅ ውሃ ያጸናዋል። ለሕፃናት ሰውነት የሚይዝ ጥጥ እንጂ ሰፊ አይገዛም፤ ሰፊው ለእሳት ቅርብ ነው። አንገት ላይ ገመድ ያለው ደግሞ በፍጹም አይሆንም።

ጥሩ ጥጥ ካጡ ያሰፉ። ስፋቱ 150 ሳ.ሜ. የሆነ ጨርቅ ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ለአንድ አዋቂ ሸሚዝና ሱሪ ይበቃል። ከመቆረጡ በፊት አጥበው ያድርቁት፤ ይህን የዘለለ ሰው ከአንድ እጥበት በኋላ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀርበታል።

የንጋቱ ብርድ በቢጃማ ሳይሆን በጋቢ ነው የሚመከተው። ጋቢ አራት ንብርብር ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፣ ጥጥ ስለሆነም ላብ ይጠጣል። በመርካቶ ሸማ ተራም በሽሮ ሜዳም ሲገዙ ንብርብሮቹን ለያይተው ይቁጠሩ፤ ሁለት ብቻ ሆኖ ጠርዙ ላይ የወፈረ አለ። ድርና ማጉን በጥፍርዎ ሸርተት ሲያደርጉት ክሩ ከተንሸራተተ ሸማው ላላ ብሎ ተሸምኗል፣ ሲታጠብ ይዛባል። ከብርድ ልብሱ በታች፣ እግርጌ አጥፈው ያኑሩት፤ ሲበርድ ሳይነሱ ይሳባል። በክረምት ማጠብ አይመከርም፣ ውሃ ጠጥቶ ለቀናት አይደርቅምና ይሸታል፤ መስከረም ሲጠባ ይታጠብ።

ካልሲ ብዙ ሰው ያስቀዋል፤ ነገር ግን እግር ሲሞቅ የእግር ደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ሰውነትም ሙቀቱን ቶሎ አውጥቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። የቀኑ ካልሲ እርጥበት ስላለበት አይሆንም። ደረቅ፣ ከጫማ ቁጥርዎ አንድ የሚበልጥ፣ ጠዋት ሲወልቅ እግር ላይ መስመር የማይተው ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን። መስመር የተወውን ደግሞ ላስቲኩን በመቀስ ሁለት ሦስት ቦታ ጫር ማድረግ ይበቃዋል።