ፒንክ ፍሎይድ፦ የ1973ቱ ወይስ የ1975ቱ?

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ነገር ሲነሳ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ሁለት አልበም ላይ ነው የሚያርፈው፤ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እና «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»። ሌላውን አልበማቸውን «ዘ ዎል»ን የምትወዱ አትቆጡኝ፣ እሱ ለሌላ ቀን ይቆይ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ላይ እንከን መፈለግ ከባድ ነው። በልብ ምት ይጀምራል፣ በልብ ምት ያልቃል። መሃል ላይ ሰዓቶቹ ሁሉ ባንዴ ሲያቃጭሉ አለ (ተኝታችሁ እንዳትሰሙት!)፣ ዘፋኟ ክሌር ቶሪም አለች፣ አንዲት ቃል ሳትናገር በድምጿ ብቻ ስለ ሞት የምታንጎራጉረው። በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 በድምሩ ከ700 ሳምንት በላይ ቆይቷል። ቀልድ አይደለም።

ግን እኔ የ1975ቱን፣ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»ን ነው የምመርጠው። አራት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ትልቁ፣ «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ»፣ ለሁለት ተከፍሎ አልበሙን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የተዘፈነውም አእምሮው ታውኮ በ1968 ከባንዱ ለተለየው ለሲድ ባሬት ነው። ታዲያ አልበሙን እየሠሩ ሳለ፣ በሰኔ 1975፣ ሲድ ራሱ ሳይታሰብ ስቱዲዮ ከች አለ። ወፍሯል፣ ፀጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቷል፣ ጓደኞቹ መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንኳ አላወቁትም። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የባንዱን ጊታሪስት የጊልሞርን በዚህ ዘፈን የታወቁ አራት የጊታር ኖታዎች እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ስለ ሁላችንም ነው፣ ሁለተኛው ስለ አንድ ሰው። እኔን የሚይዘኝ ሁለተኛው ነው። የ1973ቱ አልበም ዘፈን «መኒ» ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከመደጋገሙ ብዛት ሰልችቶኛል።