ስካይላይን ድራይቭ በቅጠሉ ሰሞን፦ መሀሉን ንዱ፣ ጫፎቹን ለሌላ ቀን ተዉ

ቨርጂኒያ ውስጥ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው። ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ እየተጠማዘዘ ሄዶ ዌንስቦሮ አጠገብ፣ ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ያበቃል። የመኪና መግቢያው 30 ዶላር ነው፤ ለ7 ቀን ያገለግላል። ቅጠሉ በቀላበት ሰሞን ገንዘቡ አያስቆጭም። ሙሉውን በአንድ ቀን ለመጨረስ ለሚጣደፍ ሰው ግን ያስቆጫል።

የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ሳይቆሙ ቢነዱት እንኳ ሦስት ሰዓት ግድም ይፈጃል። 70 ገደማ መመልከቻዎች አሉት፤ በየአንዳንዱ አምስት ደቂቃ ብትቆሙ ሌላ ስድስት ሰዓት ተጨመረ ማለት ነው። የኦክቶበር ቀን ደግሞ አጭር ነው።

የሚሻለው መሀለኛው ክፍል ነው። በዩኤስ 211 አውራ ጎዳና መጥታችሁ ቶርንተን ጋፕ (ከፍሮንት ሮያል ሲቆጠር ማይል 31.5) ግቡ፣ ስዊፍት ረን ጋፕ (ማይል 65.5) ላይ በዩኤስ 33 ውጡ። 34 ማይል ብቻ ቢሆንም የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ስካይላንድ (3,680 ጫማ) እና የፓርኩ ረጅሙ ተራራ ሆክስቢል (4,051 ጫማ) እዚሁ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ በፍሮንት ሮያልና በቶርንተን ጋፕ በሮች ሰልፉ ረጅም ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መድረስ ካልቻላችሁ በስዊፍት ረን ገብታችሁ ወደ ሰሜን ንዱ። ትኬቱን አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛትም በር ላይ ጊዜ ያተርፋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን በሥራ ቀን መሄድ ነው።

ጠዋት ከገባችሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ መንዳቱ ይመረጣል። የምዕራብ መመልከቻዎች በቀኝ እጃችሁ ስለሚሆኑ የሚመጣ መኪና ሳታቋርጡ ትገባላችሁ፤ ፀሐይዋም ከኋላችሁ ሆና ሸለቆውን ታበራዋለች። ከሰዓት በኋላ እዚያው ብትቆሙ ዓይን ትወጋለች፣ ፎቶውም ይነጣል። ስቶኒ ማን (ማይል 38.6) እና ክሬሰንት ሮክ (ማይል 44.4) የሚባሉት መመልከቻዎች የጠዋት ናቸው። ኦልድ ራግ ተራራ የሚታይበት ቶሮፌር ማውንቴን (40.5) ግን ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ያምራል። አንዳንዱን መመልከቻ ዛፍ አድጎ ከልሎታልና እያንዳንዱ ጋ ካልቆምን ብላችሁ አትድከሙ።

ቀለሙ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ብላክ ጋም የሚባለው ዛፍ ቀድሞ ይቀላል፣ ሂኮሪና ቱሊፕ ፖፕላር ይቢጫሉ፣ ኦክ መጨረሻ ላይ ወደ ቡናማ ቀይ ይሄዳል። ቀዩ የሚደምቀው ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ቅጠሉ ቀን የሠራው ስኳር እዚያው ስለሚቀር። ስካይላንድ አካባቢ ቅርንጫፉ ተራቁቶ ካገኛችሁት ወደ ፍሮንት ሮያል ውረዱ፤ ዝቅ ስለሚል ቀለሙ ይቆያል። ከቤት ሳትወጡ የፓርኩን የቀጥታ ካሜራ በድረ ገጹ ተመልከቱ። ጉም ከሸፈነው የትኛውም መመልከቻ ነጭ ግድግዳ ነው።

ከመኪና መውረድ ለሚፈልግ የስቶኒ ማን የእግር መንገድ (ማይል 41.7) ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ነው፤ ልጆችም ይችሉታል። ፓርኪንጉ ግን በጊዜ ይሞላል።

ድክመቱ አገልግሎቱ ላይ ነው። በ105 ማይል ውስጥ ነዳጅ የሚገኘው ቢግ ሜዶውስ (ማይል 51) ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከታች ከተማ ሞልታችሁ ውጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ቢግ ሜዶውስ ወረፋው አሰልቺ ነውና ምግብ ይዞ መሄድ ያዋጣል። ስልክ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለውም፤ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። የት እንደደረሳችሁ የሚነግራችሁ በመንገዱ ምዕራብ ዳር የተተከለው የኮንክሪት ማይል ምልክት ነው።

የሜሪስ ሮክ ዋሻ (ማይል 32.2) ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያው ላይ ዕቃ የጫነ ቫን ወይም የካምፕ መኪና የያዘ ሰው ቀድሞ ይለካ፤ መብራትም ይብራ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ በኋላ ፔዳሉ ይላላል። ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ለመታጠፊያ ብቻ ተጠቀሙበት። ሲመሽ አጋዘን ድንገት ይገባል፤ አንዱ ካለፈ ሌላው ከኋላው አለና ወዲያው አትፍጠኑ።

ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ በአደን ወቅት፣ የሰሜኑና የደቡቡ ክፍል ማታ ማታ ይዘጋል። መሀለኛው ክፍል ግን በዚህ ምክንያት አይዘጋም።