የተበከለ ቦታ ገዢ፦ «አላውቅም ነበር» ወይስ «አውቄ ነው የገዛሁት»?

ፒያሳ እቤት ቡና ላይ የያዝነው ምክር ይህ ነው፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ድሮ ላውንደሪ የነበረ ቤት ሊገዛ ነው። የማጠቢያው ኬሚካል አፈር ውስጥ ሰርጎ ከተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የዚያ አገር ሕግ የበከለውን ብቻ ሳይሆን የአሁኑን ባለቤትም የማጽጃውን ወጪ ያስከፍላል። እማዬ «ያላቆሸሸው ለምን?» አለች። እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የማጽዳት ግዴታ ያለበት የበከለው ነው።

አንዱ መከላከያ «ሳላውቅ ገዛሁ» ማለት ነው። ግን አስቀድሞ በወጉ መርምሮ ምንም እንዳላገኘ ማስረዳት ያለበት ራሱ ገዢው ነው። ላውንደሪ ለነበረ ቤት ይህ እንዴት ይሆናል?

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2002 የመጣ ሲሆን፣ ብክለቱን እያወቀ የገዛንም ይጠብቃል። ሁኔታዎቹ ጠበቅ ያሉ ናቸው። የቦታው ምርመራ ከግዢው በፊት ባለው 1 ዓመት ውስጥ፣ አንዳንድ ክፍሎቹ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ መሠራት አለባቸው። ከበካዩ ጋር ዝምድና ወይም ሽርክና አይፈቀድም። ከገዛም በኋላ የሚፈስ ካለ ማስቆም፣ ለሚያጸዱት በር መክፈት አለበት። መንግሥት አጽድቶ የቦታው ዋጋ ቢጨምር፣ በጭማሪው ልክ ንብረቱን በመያዣ ሊይዝ ይችላል።

እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። የቦታውን ብክለት የሚመረምር ባለሙያ ሳይቀጥር ውል እንዳይፈርም ትናንት ማታ ደውዬ ለምኜዋለሁ።